የመጀመሪያው የጭነት መኪና ሥራ፦ ከጎጃም ለሚነሳ አዲስ ሹፌር ዝርዝር መመሪያ

መንጃ ፈቃድ ይዘህ ከማሠልጠኛ ስትወጣ ሥራው መንዳት ይመስልሃል። በመጀመሪያው ሥራህ ግን መሪ ጨብጠህ ከምታሳልፈው ጊዜ ቆመህ የምታሳልፈው ይበልጣል። ጭነት ትጠብቃለህ። ደላላ ትጠብቃለህ። አውራጅ ትጠብቃለህ። መንገድ እስኪከፈት ትጠብቃለህ። ባለንብረቱም የሚመዝንህ ቆመህ በሠራኸው ነው፦ ኩንታሉን ቆጥረህ ተረከብክ ወይ? ሸራው ተወጥሯል ወይ? ደረሰኙ የት አለ? ናፍታው ስንት ገባ?

ይህን የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከእንጅባራ፣ ከሞጣ ወይም ከቢቸና ሥራ ለሚጀምር ሰው ነው። አብዛኛው የሚጀምረው በአይሱዙ ነው፤ ኤን ፒ አር ወይም ኤፍ ኤስ አር፣ ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ ስም ያወጣለትን ማለቴ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ፣ ግን በከንቱ አልወጣለትም። አንተም ስሙን እንዳታጸናው። «አንተ» እያልኩ ብጽፍም ለእህቶቼም ነው።

1. ሥራው የት ይገኛል?

የድርጅትና የገበሬ ዩኒየን ሥራ በማስታወቂያ ይወጣል። ነገር ግን የሥራ ልምድ በወረቀት ይጠይቃሉ፣ አንተ ደግሞ የለህም። ስለዚህ በር የሚከፍትልህ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት መኪና ያለው ግለሰብ ነው። እህል ነጋዴ ወይም የሕንፃ መሣሪያ ሻጭ ሊሆን ይችላል። ራሱ ሹፌር የነበረና አሁን እግሩን የሰበሰበ ሰውም ይኖራል። ምርጫ ካለህ ለእሱ ተቀጠር። ይቆጣሃል፣ ግን ያስተምርሃል። መኪናው ዳገት ላይ ስንት ናፍታ እንደሚበላ ስለሚያውቅም በከንቱ አይጠረጥርህም።

ወደዚህ ሰው የሚያደርስህ ሰው ነው። መኪናዎች ጭነት ወደሚጠብቁበት ሂድ። ከሹፌሮች ጋር ሻይ ጠጣ። ሸራ ሲወጠር አግዝ። ሹፌር ሲታመም፣ ሲያገባ ወይም ከባለንብረቱ ሲጣላ ቦታ ይከፈታል። ያን ቀን «አንድ ልጅ አለ» ተብሎ ስምህ ከተነሳ ሥራው ግማሽ በግማሽ አለቀ። ረዳት ሆነህ ያደግህ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግህም፣ የሚያውቅህ ሞልቷል። በቀጥታ ከማሠልጠኛ የመጣህ ከሆንክ ግን ከመቀጠርህ በፊት ከምታውቀው ሹፌር ጋር ጋቢና ተቀምጠህ ጥቂት ተመላለስ። ባዶ መኪና መንዳትና ጭነት ይዞ ቁልቁለት መውረድ ለየቅል ናቸው።

ባለንብረቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቅህ ተያዥ ነው። አይክፋህ፤ ብዙ ብር የወጣበትን ንብረት ለማያውቀው ልጅ ሊሰጥ ነው። ተያዥህ ቋሚ ደሞዝ ወይም ንብረት ያለው ሰው መሆን አለበት። አጎትህ መምህር ከሆነ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያጽፋል። ግን ተያዥነቱ እስከ ስንት ብር እንደሆነ ይጻፍበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በዋስትና ውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል። ልኩ ያልታወቀ ዋስትና ዘመድ ያቀያይማል።

ወቅቱንም እይ። በጎጃም የጭነት ሥራ የሚደራው ጤፉና በቆሎው ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ ነው፤ በተለይ ከጥር እስከ ሚያዝያ። በጅቡቲ ወደብ የሚገባው ማዳበሪያም ክረምት ሳይገባ ወደየወረዳው ይጎርፋል። ነሐሴ ላይ ሥራው ይቀዘቅዛል፣ የገጠሩ መንገድም ጭቃ ይሆናል። በነሐሴ ከተቀጠርክ መኪናው ቆሞ ስለሚያድርባቸው ቀናት አስቀድመህ ተነጋገር።

2. ከመንቀሳቀስህ በፊት ተስማማ

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። በሹፌርና በባለንብረት መካከል የማየው ጠብ ሁሉ ማለት ይቻላል መጀመሪያ ላይ ካልተነገረ ነገር የመጣ ነው። «እኛ ቤተሰብ ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚል ባለንብረት ይገጥምሃል። ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አስጽፈው።

ዋናው ጥያቄ ስለ አበል ነው። አበሉ በቀን ነው ወይስ በምልልስ? በምልልስ ከሆነ አዲስ አበባ አራግፈህ የመልስ ጭነት ስትጠብቅ ሦስት ቀን ብታድር ከኪስህ ነው የምትበላው። እንግዲህ ቆሞ መጠበቅ ይበዛል ያልኩት እዚህ ላይ ነው የሚቆረቁርህ። መኪናው ቆሞ ለሚያድርበት ቀን ቢያንስ የምግብና የመኝታ ይታሰብልህ። የረዳቱን ደሞዝና አበል ማን እንደሚከፍልም ይታወቅ፤ ብዙ ቤት ይህ የሚታወሰው ልጁ ሲራብ ነው።

ናፍታው እንዴት ይሰላል? አንዳንዱ ባለንብረት ለጉዞው ቁርጥ ሊትር ይሰጥሃል፤ ከጎደለ አንተ ትሞላለህ፣ ከተረፈ ያንተ ነው። አባይ በረሃን ጭነት ይዘህ ስትወጣ የሚበላውና ከደጀን ደብረ ማርቆስ ባለው ሜዳ የሚበላው አንድ አይደለም። ቁርጡን ከመቀበልህ በፊት ያንን መኪና የነዳውን ሰው ጠይቅ።

ቅጣትስ? በፍጥነት፣ በስልክ ወይም ያለ ቦታው በመቆም የመጣ ቅጣት ያንተ ነው፣ ተቀበል። ቦሎ ባለመታደሱ ወይም እሱ «ጨምርበት» ባለው ትርፍ ጭነት የመጣ ግን የእሱ ነው። ይህን አስቀድመህ በጨዋ ደንብ ተናገር።

ሕጉም በእጅህ ይሁን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትህ ይችላል፣ አንተም ጥለህ መሄድ ትችላለህ። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመበት ደብዳቤ ሊሰጥህ ይገባል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። በመንገድ ላይ ሰዓቱ እንደማይከበር ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን አበል ስትደራደር አንሳው። እህል ጎደለ፣ ዕቃ ጠፋ ተብሎ ከደሞዝህ ሊቆረጥ ሲልም ዝም ብሎ አይቆረጥም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ያንተ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዝህ አንድ ሦስተኛ ማለፍ የለበትም። ደሞዝህ 9,000 ብር ቢሆን ከ3,000 በላይ አይነካም ማለት ነው። ጡረታም ጠይቅ፤ ካንተ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ባለአንድ መኪናው ብዙ ጊዜ አይመዘግብህም። ቢያንስ መጠየቅህ እንደምታውቅ ያሳያል።

3. መኪናውን ቆጥረህ ተረከብ

ቁልፍ ከመቀበልህ በፊት ከባለንብረቱና ከረዳቱ ጋር መኪናውን ዙሩት። ጻፍ፣ በስልክህም ፎቶ አንሳ። የየትኛው ጎማ ጥርስ አልቋል? ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) አየር አለው? ክሪክና የጎማ መፍቻ፣ ታኮ (ጎማ ሥር የሚገባ መደገፊያ)፣ ሸራ፣ ገመድ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን አሉ? ባትሪው የቱ ነው? የተሰነጠቀ መስታወት፣ የተጣመመ ስፖንዳ (የጭነት ሳጥኑ ግድግዳ)፣ የላላ ስፖኪዮ ካለ ይጻፍ። ሁለታችሁም ፈርሙ። ከወር በኋላ «ባትሪው አዲስ ነበር» የሚል ነገር ቢነሳ ወረቀቱ ይመልስልሃል።

ከዚያ ሰነዶቹ። ሊብሬ፣ የዓመቱ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። የመንጃ ፈቃድህ ምድብም ለመኪናው የሚበቃ መሆኑን አይተህ አረጋግጥ። «ማን ያያል» የሚል ባለንብረት ካጋጠመህ ተወው። አደጋ የደረሰ ቀን ሁሉም ያያል።

ቀጥሎ ባዶውን ንዳው። ፍሬኑ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል? ፍሪሲዮኑ የት ላይ ይይዛል? የሞተር ፍሬኑ ይሠራል? የመጨረሻው ካልሠራ ወደ በረሃው አልወርድም በል።

ጠዋት ጠዋት ሞተር ከመነሳቱ በፊት ዘይት፣ ውሃ፣ ቺንጊያ ታያለህ። ጎማዎቹን በብረት እየመታህ ድምፁን ታዳምጣለህ፤ አየር የጎደለው ሲመታ ድምፁ ይደፈናል። ይህን ረዳቱ ይሠራዋል፣ አንተ ግን ደግመህ እይ።

ስለ ረዳቱ ካነሳን አይቀር፦ መኪናውን ካንተ በፊት ያውቀዋል። ደላላውን ያውቃል፣ ጎሚስታውን (ጎማ ጠጋኙን) ያውቃል፣ የትኛው ምግብ ቤት ዱቤ እንደሚሰጥ ያውቃል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የባለንብረቱ የእህት ልጅ ነው፣ የዋልክበት ማታ ይወራል። አዛዥ አትሁንበት፣ አብራችሁ ብሉ። ገንዘብና ነዳጅ ግን ባንተ እጅ ይሁን።

4. የመጀመሪያው ጭነት

ቡሬ ላይ በቆሎ ልትጭን ነው እንበል። ጠዋት 2 ሰዓት ና ተብለሃል። ጫኞቹ 4 ሰዓት ይመጣሉ። የጫኝና አውራጅ ዋጋ ክርክር ይነሳል፤ አንተ አትግባ፣ የነጋዴውና የእነሱ ጉዳይ ነው። ያንተ ጉዳይ የሚጀምረው የመጀመሪያው ከረጢት ትከሻ ላይ ሲወጣ ነው።

ረዳቱ መኪናው ላይ ይሁን፣ አንተ መጋዘኑ በር ላይ። ሁለታችሁም ለየብቻ ቁጠሩ። በየ10 ኩንታሉ ስፖንዳው ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አስምር። ነጋዴው ሲያወራህ፣ ስልክ ሲደወል፣ «ሻይ ጠጣ እንጂ» ስትባል መቁጠርህን አታቋርጥ። ቁጥር የሚጠፋው ልክ በዚያች ሰዓት ነው። አፉ በደንብ ያልተሰፋ ከረጢት ካየህ አስመልሰው። መጨረሻ ላይ ያንተና የረዳቱ ቁጥር ካልገጠመ ሳትፈርም አስቆጥር። ይሰድቡሃል፣ ግድ የለህም። ስትፈርም ጭነቱ ሁሉ በጫንቃህ ላይ ነው።

ከበዱ የሚባሉት ወደ ፊት፣ ወደ መኻል ይጫኑ። ከፍታው ከስፖንዳው በላይ ሲወጣ መታጠፊያ ላይ መኪናው እንደሚያጋድል አትርሳ። «አምስት ኩንታል ብትጨምር ምን ትሆናለህ?» የሚል ሁልጊዜ አለ። ምንም ላትሆን ትችላለህ፤ ደጀን እስክትደርስ። ከዚያ በኋላ አምስቱ ኩንታል ፍሬንህ ላይ ነው ያሉት።

ሸራ ወጥር፣ ገመድ እሰር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፣ ለጭነት ገመድ የተነገረ ነው የሚመስለኝ። ከተማውን ወጣ ብለህ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር እንደሄድክ ቁም። እህል ሲናጥ ይረጋል፣ ገመዱ ይላላል። እንደገና አጥብቅ። በክረምት ደግሞ ሸራው ላይ ውሃ የሚቋጥርበት ጎድጓዳ እንዳይኖር እይ። አንድ ቀዳዳ ሁለት ኩንታል ጤፍ ያበላሻል፣ ነጭ ጤፍ ከሆነ ነጋዴው አይለቅህም።

ወረቀቱን ያዝ። ላኪ ማን ነው፣ ተቀባይ ማን ነው፣ ስልካቸው፣ ስንት ኩንታል፣ የተቀበልከው ገንዘብ። ከአዊ በኩል ከሰል ወይም እንጨት የምትጭን ከሆነ የይለፍ ወረቀት ሳይኖር አንድ ሜትር አትንቀሳቀስ። የኮቴ (በጭነት መኪና ላይ በየኬላው የሚጠየቀውን ክፍያ) ከፍለህ ከሆነ ደረሰኙን ጠብቀው፣ በሚቀጥለው ኬላ ሊጠየቅ ይችላል።

ሰው ጭነት ላይ አትጫን። እናት ልጅ ታቅፋ ትለምንሃለች፣ ገበያ የዋሉ ገበሬዎች ይለምኑሃል፣ ረዳቱም ሳንቲሟን ይፈልጋታል። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከጭነት ላይ የወደቀ ሰው ጉዳይ በሽምግልና አያልቅም።

5. አባይ በረሃ

እዚህ ላይ ዘርዘር ልበል። ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ በዋናው መንገድ የሚሄድ ሁሉ ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወስደውን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለፍ አለበት። ከደጋው ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስተህ ወደ 1,000 ሜትር አካባቢ ትወርዳለህ፣ መልሰህ ትወጣለህ። አዲስ ሹፌር የሚፈራው ዳገቱን ነው። የሚያጠፋው ግን ቁልቁለቱ ነው።

ደጀን ላይ ቁም። የግድ ነው። ጎማ እይ፣ ገመድ እይ። የአየር ፍሬን ካለው የአየሩን ታንከር አስተንፍስ፣ ግፊቱም እስኪሞላ ጠብቅ። ውሃ ቅዳ፣ ራዲያተሩንም እይ። ራበኝ ካልክ እዚሁ ብላ። ከወረድክ በኋላ ሙቀት እንጂ ምግብ አይታሰብህም።

ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ መኪናው ገና ሜዳ ላይ እያለ፣ ከባድ ማርሽ (ዝቅተኛ ቁጥር ያለውን) አስገባ። ያንን ዳገት ብትወጣው ኖሮ በየትኛው ማርሽ ትወጣው ነበር? በእሱ ወይም ከእሱ በሚከብደው ውረድ። የሞተር ፍሬኑን ክፈት። ፍሬን መያዝ ሲያስፈልግህ ጠንከር አድርገህ ረግጠህ ፍጥነቱን ዝቅ አድርግ፣ ከዚያ ልቀቅ። እግርህን ፔዳሉ ላይ አስተኝተህ አትውረድ። ፍሬኑ ይግላል፣ የፍሬን ሸራው ይሸታል፣ ከዚያ ብትረግጠውም አይሰማህም። በፎሌ፣ ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ደግሞ ናፍታ ይቆጥባል የሚሉ አሉ። ሁለት ሊትር ናፍታ ቆጥበው ገደል የገቡ አሉ።

የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ከሸተተህ አትከራከር። ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገህ ቁም። ማርሽ ውስጥ እንዳለ አጥፋው፣ ረዳቱ ጎማው ሥር ታኮ ይክተት። የጋለ ፍሬን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፋ፣ ብረቱ ይሰነጠቃል። ጠብቅ። ይኸው መጠበቅ ነው እንግዲህ። ከኋላህ ያለው ክላክስ ይነፋል፣ ይንፋ።

መንገዱ ራሱ ይንቀሳቀሳል ብል አልዋሸሁም። አፈሩ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ሰምጧል፣ ተጣሟል። በክረምት ናዳ ይመጣል። ትናንት ደህና የነበረ መታጠፊያ ዛሬ ግማሹ ላይኖር ይችላል። ጉም ከያዘ መብራት አብራ፣ ከፊትህ ካለው ራቅ በል። ዝንጀሮዎቹን አትመግብ፣ መኪና ሲመጣ መንገድ መኻል መቀመጥ የለመዱት በዚህ ነው።

ታች በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ አለ፣ 303 ሜትር ነው። አሮጌው ድልድይ አጠገቡ ይታያል። ድልድዩ ላይ አይቆምም፣ ፎቶም አይነሳም፤ ጥበቃ አለው። ተሻግረህ ዳገቱን ስትጀምር ቶሎ ማርሽ ቀንስ። ሞተሩ እስኪጨነቅ አትጠብቅ። የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ የጋቢናውን ማሞቂያ ክፈት፣ አንተን ያቃጥልሃል፣ ሞተሩን ግን ያግዛል። ካልበረደ ቁም። የራዲያተሩን ክዳን ትኩስ ሆኖ እንዳትከፍት።

ዳገት ላይ ከተበላሸህ ረዳቱ በታኮ ወይም በድንጋይ ይደግፈዋል። ከኋላም ከፊትም ራቅ አድርጎ ሦስት ማዕዘን፣ ከሌለ ቅጠልና ድንጋይ ያስቀምጣል። ተነስታችሁ ስትሄዱ ድንጋዩን አንሱ። በዚህ ነገር እበሳጫለሁ። ራሱን ያዳነበትን ድንጋይ አስፋልት ላይ ትቶ የሚሄድ ሹፌር ማታ የሚመጣውን ባለ ሞተር ገደለ ማለት ነው።

6. ሜዳውና ከተሞቹ

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ ያሳሳታል። ከበረሃው በኋላ ሁሉም ሜዳ ስለሚመስል እግር ይከብዳል። የትኖራ፣ ሉማሜ፣ አማኑኤል፣ ደምበጫ እያልክ ስታልፍ ከተማው ሁሉ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሠራ ነው። ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ተማሪ፣ አህያ። በገበያ ቀን ደግሞ ከብቱም ሰውም አስፋልቱን ገበያ ያደርገዋል። ከብት ሲሻገር የመጨረሻውን ጥጃ ጠብቅ፣ እናቱ ካለፈች እሱ መምጣቱ አይቀርም። ቀብር ከገጠመህ ቁም፣ ክላክስ እንዳትነካ። በጥምቀት ሰሞን ታቦት ሲወርድና ሲገባ መንገድ ይዘጋል፣ የማድረሻ ቀን ስትነግር አስበው። እንጅባራና ቲሊሊ በክረምት ብርዱም ዝናቡም ይጠናል፣ ጋቢህን ያዝ።

በሌሊት አትንዳ። እንቅልፍ አንድ ምክንያት ነው፣ ጸጥታው ሌላ። እንቅልፍ ሲመጣ ጫት፣ ቡና፣ መስኮት መክፈት አይመልሰውም፣ የሚመልሰው መተኛት ነው። አረቄ ደግሞ ማታም ቢሆን ለነገ ያድራል፣ ጠዋት 11 ሰዓት ለሚነሳ ሰው አይሆንም።

የጸጥታው ነገር ግልጽ ይሁን። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ ድንገት ይዘጋል፣ ለቀናትም ይቆያል። ከበረሃው ማዶም ሹፌሮች ታግተው ገንዘብ የተጠየቀባቸው ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመነሳትህ በፊት ከፊት ለፊት የሚመጡ ሹፌሮችን ደውለህ ጠይቅ። የሹፌሮች ቴሌግራም ላይ የሚወራውን ሁሉ አትመን፣ ከሁለት ሰው አረጋግጥ። ብቻህን አትሂድ፣ ከሌሎች መኪናዎች ጋር ተነስ። መንገድ ተዘጋ ሲባል «እኔ አልፋለሁ» አትበል። ከተማ ውስጥ ግባ፣ ባለንብረቱንና ነጋዴውን አሳውቅ፣ ቁም። ጠያቂው ማንም ይሁን ማን፣ ኬላ ላይ ስለ ፖለቲካ አስተያየት የለህም። ወረቀትህን ሰጥተህ ጭነትህን ተናገር፣ በቃ።

ስታድር ዘበኛ ያለው ግቢ አስገባ፣ ደረሰኝ ካለው ተቀበል። ናፍታ ይቀዳል፣ ባትሪ ይፈታል፣ ስኮርታ ይጠፋል። ሸራው በምላጭ ተቀዶ እህል የሚቀነስበት ጊዜም አለ። አንዳችሁ ጋቢና ተኙ።

7. አደጋ ከደረሰ

አይድረስ። ከደረሰ ግን ቁም፣ የተጎዳውን እርዳ፣ ወደ ሕክምና እንዲደርስ አድርግ፣ ለትራፊክ ፖሊስ አሳውቅ። ሰው ተቆጥቶ ሕይወትህ ላይ አደጋ ከመጣ በቀጥታ ወደ ቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ሂድና እጅህን ስጥ፤ ይህ ከመጥፋት ይለያል። መኪናውን ካለበት አታንቀሳቅስ፣ ቦታውን ፎቶ አንሳ። ለባለንብረቱ ደውል፣ እሱ ለኢንሹራንስ ያሳውቅ። በግ ወይም ጥጃ ከሆነ የአካባቢው ሽማግሌ ብዙ ጊዜ በሰላም ይጨርሰዋል። ቢሆንም ስትከፍል በምስክር ፊት ይሁን፣ በወረቀትም ይፈረም።

8. ማራገፍና ሒሳብ

አዲስ አበባ ከባድ መኪና የሚገባባቸው ሰዓታት የተገደቡ ናቸው። ተቀባዩን አስቀድመህ ጠይቀህ ሰዓቱን አስተካክለህ ግባ፣ አለዚያ ከከተማው ውጭ ተሰልፈህ ትውላለህ። እህል በረንዳ ከገባህ ግርግሩ ሌላ ዓለም ነው። እዚያም እንደ መጫኑ ቁጠር። ረዳቱ ላይ፣ አንተ ታች። ከረጢት ሲወርድ የሚፈሰውን የሚጠርጉ ልጆች ይመጣሉ፣ አትጣላቸው፤ ግን ከረጢቱን ራሱ እንዳይወጉት እይ። ተቀባዩ «ተረክቤያለሁ» ብሎ ሳይፈርም አትሂድ። ጎደለ ከተባለ እዚያው፣ ነጋዴው በስልክ ላይ እያለ ይቆጠር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ እዚህ ግን የሚለቅመው ሌላ ሰው ነው።

ከዚያ የመልስ ጭነት። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ዘይት፣ ቢራ። ደላላው መጀመሪያ የሚጠራልህ ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። ዋጋ ከመቁረጥህ በፊት ለባለንብረቱ ደውል፣ አብራችሁ ቁረጡ። የደላላው ኮሚሽን ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍል ይነገር።

ነዳጅ ዛሬ በቴሌብርና በመሳሰለው ነው የሚከፈለው፣ ይህ ለሹፌር ጥሩ ሆኗል። እያንዳንዱ ሊትር ስልክህ ላይ ማስረጃ አለው። የቀረውን ትንሽ ደብተር ላይ ጻፍ፦ ቀን፣ ቦታ፣ ምን፣ ስንት። ጎሚስታ፣ ካላማዳሪያ (የውስጥ ጎማ)፣ የግቢ ማደሪያ፣ ኮቴ። ስትመለስ ያን ማታ፣ ሳትተኛ፣ ሒሳብ አስረክብ። ባለንብረቱ «ነገ» ቢልህም ደብተሩን አሳየውና አስፈርም። አዲስ ሹፌር ከሥራ የሚባረረው ሲጋጭ ብቻ አይደለም፣ ሒሳቡ ሲድበሰበስም ነው።

9. ከሙከራ ጊዜው በኋላ

የሙከራ ጊዜህ ሲያልፍ ባለንብረቱን ቁጭ አድርገህ አነጋግር። አበሉ በቂ ነው? ናፍታው ይበቃል? መጀመሪያ ያልታየ ነገር አሁን ይስተካከል። ጅቡቲን ግን ገና አታስብ። የ400 ኩንታል ተሳቢ ይዞ በሰመራና በጋላፊ ወጥቶ መግባት የራሱ ፈቃድ፣ የድንበር ሰነድና ልምድ ይፈልጋል። በሞቃቱ ወቅት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መጀመሪያ አንድ ሙሉ የእህል ወቅትና አንድ ክረምት በአይሱዙህ አሳልፍ።

ሥራ ስትለቅም ሆነ ስትሰናበት የሥራ ልምድ ማስረጃ ጠይቅ። ከመቼ እስከ መቼ፣ ምን ዓይነት መኪና፣ ደሞዝህ ስንት እንደነበር የሚገልጽ። አሠሪው እንዲሰጥ ሕጉ ያስገድደዋል። የተያዥህን ወረቀትም ያን ቀን ተቀብለህ ለአጎትህ መልስለት።